በሜዳ መሃል አንድ ክፍል፦ አስተማሪዎቹን ማን ያስታውሳቸዋል?

ባለፈው ሳምንት ስለ ባለአንድ ክፍል ትምህርት ቤት አስተማሪዎች የከፈትኩት የውይይት ክር ካሰብኩት በላይ ረዘመ። ሃያ ሦስት ምላሽ ደርሶታል። ሁሉን ለማንበብ ጊዜ ላጣችሁ፣ እኔው ከላይ እስከ ታች ላውራችሁ።

የመክፈቻው ጽሑፌ

አሜሪካ፣ ነብራስካ ውስጥ፣ ከቢያትሪስ ከተማ ወጣ ብሎ፣ አንድ የጡብ ትምህርት ቤት አለ። ፍሪማን ትምህርት ቤት ይባላል። የተሠራው በ1872 ነው። እስከ 1967 ድረስ ልጆች ተምረውበታል። (ዓመቶቹ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።) ዛሬ የሆምስቴድ ብሔራዊ ታሪካዊ ፓርክ አካል ነው።

እኛ የምንኖረው ሊንከን ነው። ከዚያ በመኪና ሩቅ አይደለም። ቅዳሜ ልጄን ይዣት ሄድኩ። ስምንት ዓመቷ ነው። ዙሪያውን አየችና የሷ ክፍል የቱ ጋ እንደሆነ ጠየቀችኝ። ይኸው ነው አልኳት። አምስተኛ ክፍሎችስ አለች። እነሱም እዚሁ። ስምንተኛ ክፍሎችስ? እነሱም። መስኮቱ ጋ ቆማ የግድግዳውን ውፍረት በክንዷ ለካችው። ከክርኗ እስከ ጣቷ ጫፍ ሞላ ማለት ይቻላል። ምድጃ አለ፣ ሰሌዳ አለ፣ ትንንሽና ትልልቅ ወንበሮች አሉ። የመምህርት ጠረጴዛ አንድ ብቻ።

ወደ ቤት ስንመለስ አንድ ነገር ከነከነኝ። የመሬቱ ባለቤት ስም ይታወቃል። በአንዲት አስተማሪ ጉዳይ ፍርድ ቤት የሄደው ከሳሽ ስምም ይታወቃል። እዚያ ካስተማሩት ሁሉ ግን ሰው ስሟን የሚያነሳው ኤዲት ቢቸርን ነው። እሷም የምትነሳው ስላስተማረች አይደለም፤ በሷ ጉዳይ ሰው ፍርድ ቤት ስለሄደ ነው። ዘጠና አምስት ዓመት ሙሉ ያ ክፍል ያለ አስተማሪ አልዋለም። ስለዚህ እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦ ያንን የሣር አገር ያቀናው ማረሻ ብቻ አይደለም፤ ገና ሃያ ዓመት ያልሞላቸው አስተማሪ ልጃገረዶችም ናቸው። ደግሞም ጠየቅኩ፦ አንዲት ልጅ ስምንት ክፍል በአንድ ጊዜ እንዴት ታስተምራለች?

ምላሽ 1

የመጀመሪያው ሰው በጣም ጨዋ ነበር። አመስግኖኝ ነው የጀመረው። በ1862 የወጣው የሆምስቴድ ሕግ 160 ኤከር መሬት ይሰጥ እንደነበር አስረዳ። ሰውየው አምስት ዓመት ኖሮበት ካለማው የራሱ ይሆናል። ዳንኤል ፍሪማን በሕጉ መሬት ከጠየቁት የመጀመሪያዎቹ አንዱ ነው፤ ጥር 1 ቀን 1863፣ ሕጉ ሥራ ላይ በዋለበት ዕለት። ትምህርት ቤቶቹ ከየት መጡ ለሚለውም መልስ ሰጠን። መንግሥት ሜዳውን በአራት ማዕዘን ሲሸነሽን፣ በየ36ቱ ቁራሽ ውስጥ ለትምህርት ቤት ገቢ የሚሆን መሬት ያስቀር ነበር። ነብራስካ ውስጥ 16ኛውና 36ኛው ቁራሽ ለዚሁ ተተወ። እያንዳንዱ ቁራሽ 640 ኤከር ነው። ትምህርት ቤቱ ገና ሳይሠራ ርስቱ ተከልሎለታል ማለት ነው። ይህን እኔ አላውቅም ነበር።

ምላሽ 2

አረመኝ። ትምህርት ቤቱ በዳንኤል ፍሪማን ስም እንደተሰየመ አድርጌ ነበር የጻፍኩት። ጡቡን የሠራው ሌላ ሰው፣ ቶማስ ፍሪማን የሚባል፣ እንደሆነና ስሙ ከየትኛው እንደመጣ ሰዎች እንዳልተስማሙ ነገረኝ። ልክ ነው። የመክፈቻውን ጽሑፍ አስተካክያለሁ።

ምላሽ 3 እና 4

ሦስተኛው ሰው በጉጉት ገባ። በታላቁ የበረዶ ማዕበል ተማሪዎቿን ያዳነችው ሚኒ ፍሪማን እዚያው ትምህርት ቤት ያስተማረች የዳንኤል ልጅ ናት ብሎ ጻፈ።

አራተኛዋ ቆጣ አለች። ስም ስለተመሳሰለ ብቻ ሰው ማዛመድ ደግ እንዳልሆነ ተናገረች። ሚኒ ፍሪማን ያስተማረችው ከዚያ ርቆ፣ ኦርድ ከተማ አጠገብ፣ ሚራ ቫሊ በሚባል ቦታ ነው። ትምህርት ቤቱም የጡብ አልነበረም። ሣሩ ከነሥሩ ከነአፈሩ እየተቆረጠ እንደ ጡብ የተደረደረበት ቤት ነበር።

ከቁጣዋ በኋላ የጻፈችውን ግን ሁለቴ ነው ያነበብኩት። ቀኑ ጥር 12 ቀን 1888 ነው። ጠዋቱ ሞቅ ያለ ነበር። ብዙ ልጆች ወፍራም ካፖርት እንኳ ሳይለብሱ ወጡ። ከዚያ ውሽንፍሩ በድንገት መጣ። በዚያ ቀን 235 ያህል ሰው እንደሞተ ይገመታል፤ ብዙዎቹ ከትምህርት ቤት ወደ ቤት የሚሄዱ ልጆች ናቸው። ሚኒ ፍሪማን ጣራው ሲነሳባት ልጆቹን ይዛ ወጣች፤ በሰላምም ገበሬ ቤት አደረሰቻቸው። በገመድ አሰረቻቸው የሚለው አከራካሪ ነው። እሷ ጀግና ተባለች።

ምላሽ ሰጪዋ ያሳሰባት ግን ሌላዋ ናት። ሎይስ ሮይስ፣ ፕሌንቪው አጠገብ። ማገዶዋ አለቀ። ሦስት ትንንሽ ልጆች አብረዋት ነበሩ። የምታድርበት ቤት በጣም ቅርብ ስለነበር ይዛቸው ወጣች። መንገዱ ጠፋባት። ሌሊቱን ሜዳ ላይ አቅፋቸው አደረች። ሦስቱም በእጇ ላይ ሞቱ። እሷ ተረፈች፤ እግሮቿ ግን ተቆረጡ። ኤታ ሻተክም አለች፤ የድርቆሽ ክምር ውስጥ ገብታ 78 ሰዓት ቆየች፣ ተገኘች፣ በኋላ ግን ሞተች። ሦስቱም አስተማሪዎች ናቸው። ሦስቱም ገና ወጣቶች ነበሩ።

እኔ ከዚህ በኋላ ለጥቂት ሰዓት ምንም አልጻፍኩም።

ምላሽ 5

ጥያቄዬን የመለሰልኝ ይህ ሰው ነው። እሱ ራሱ በአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ያስተምራል። ከፊት ለፊት፣ ከመምህርቷ ጠረጴዛ አጠገብ፣ አንድ ረጅም አግዳሚ ወንበር ይቀመጥ ነበር አለ። የሦስተኛ ክፍሎች ይጠራሉ፣ ይቀመጡበታል፣ ያጠኑትን በቃላቸው ይላሉ። አሥር ደቂቃ ያህል ነው። ይነሳሉ፤ አራተኛዎቹ ይመጣሉ። ሌሎቹ በቦታቸው ሆነው የየራሳቸውን ይሠራሉ። ጆሯቸው ግን ክፍት ነው። ሦስተኛ ክፍል ሆኖ የአምስተኛውን ትምህርት እየሰማ የሚያድግ ልጅ አለ። ትልልቆቹ ደግሞ ትንንሾቹን ያስጠናሉ።

ቀጥሎ ያለው አረፍተ ነገሩ ብዙዎቻችንን ነካ። ይህ ለኛ እንግዳ እንዳልሆነ አስታወሰን። የኔታ ዛፍ ሥር ተቀምጠው አንዱ ሀሁ ይላል፣ አንዱ አቡጊዳ፣ አንዱ ዳዊት ይደግማል። ዘለቅ ያለው ጀማሪውን ያስቆጥራል። የኔታ ዓይናቸው የተከደነ ይመስላል፤ ከሠላሳው ድምፅ መሃል ግን የተሳሳተውን ለይተው ይጠራሉ።

ምላሽ 6

አጭር ናት፤ ግን ጥሩ አየች። እኛ ዘንድ ደጅ የሚዞረው ቆሎ ተማሪው ነው። እዚያ ግን መምህርቷ ነበረች። ከተማሪዎቿ ቤተሰብ ጋር በየተራ ትኖር ነበር፤ ጥቂት ሳምንት እዚህ፣ ጥቂት ሳምንት እዚያ። ከልጆቹ ጋር አንድ አልጋ ላይ የምታድርበትም ጊዜ ነበር። ቀን የገሠጸችው ልጅ ማታ ገበታ ላይ ፊት ለፊቷ ይቀመጣል።

ምላሽ 7 እና 8

ሰባተኛው የኤዲት ቢቸርን ነገር በዝርዝር እንድጽፍ ጠየቀ። እኔ ሳልደርስ ስምንተኛው ቀደመኝ፤ የሕግ ሰው ሳይሆን አይቀርም። መምህርቷ በክፍሉ ውስጥ መጽሐፍ ቅዱስ ታነብ፣ ታዘምር፣ ትጸልይ ነበር። ዳንኤል ፍሪማን እንድትተው ጠየቃት። የትምህርት ቤቱ ቦርድ ፈቅዶልኛል አለችው። ቦርዱም ከጎኗ ቆመ። ፍሪማን ከሰሰ። በመጀመሪያው ፍርድ ቤት ተረታ። በ1902 የነብራስካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፈረደለት። የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ተመሳሳይ ውሳኔ የሰጠው በ1963 ነው። አንድ ክፍል ብቻ ያለው የገጠር ትምህርት ቤት 61 ዓመት ቀደመ።

ከምላሽ 9 እስከ 12

እዚህ ላይ ነገሩ ጋለ። ዘጠነኛው ሰው የዛሬ ልጆች ሥርዓት ያጡት ያን ጊዜ ጸሎት ስለወጣ ነው ብሎ ጻፈ። መምህርቷን አመሰገነ። ፍሪማንን ግን በማይገባ ቃል ጠራው። አሥረኛዋ አልማረችውም። የሙስሊም ልጅ እናት ናት። ልጇ በግድ የሌላ ሃይማኖት ጸሎት ቢጸልይ ዘጠነኛው ይፈቅድ እንደሆነ፣ የራሱስ ልጅ በሙስሊም አገር ትምህርት ቤት እንዲያ ቢደረግበት ዝም ይል እንደሆነ ጠየቀችው። አልመለሰም።

አሥራ አንደኛው ረገብ ሊያደርገው ሞከረ። ፍርድ ቤቱ መጽሐፉን ከክፍል አላባረረም፤ የከለከለው በመንግሥት ትምህርት ቤት ውስጥ አምልኮ ማካሄድን ነው ብሎ ለየው። ይህ መለየት ያለበት ነገር ነው። አሥራ ሁለተኛው እኔ ነኝ። ሁለቱንም እንዲከባበሩ ለመንኩ። አንድ ነገር ደግሞ ጨመርኩ፦ በዚህ ሁሉ ክርክር ውስጥ ኤዲት ቢቸር ራሷ ምን እንደተሰማት የጠየቀ አልነበረም። አለቆቿ ፈቅደውላታል። በሷ ላይ ከተማ ተከፈለ። ጠዋት ጠዋት ግን በሩን መክፈት ነበረባት።

ምላሽ 13

አባት ነው። ልጆቹን ቅዳሜ ቅዳሜ አማርኛ ለማስተማር ይወስዳቸዋል። ነብራስካ ሲነሳ ሌላ መምህር መነሳት አለበት አለ፤ ሮበርት ማየር። ሃምፕተን አጠገብ፣ የሉተራኖች ትምህርት ቤት ውስጥ ያስተምር ነበር። ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ጀርመን የሚባል ነገር ሁሉ ተጠልቶ ነበር። ነብራስካ በ1919 ልጆች ስምንተኛ ክፍል ሳይጨርሱ በሌላ ቋንቋ እንዳይማሩ የሚከለክል ሕግ አወጣች። በ1920 ማየር አንድ የአሥር ዓመት ልጅ በጀርመንኛ ሲያስነብብ ተያዘ። 25 ዶላር ተቀጣ። አልከፍልም አለ። ጉዳዩ እስከ አገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሄደ። በ1923 አሸነፈ። ወላጅ ልጁን የራሱን ቋንቋ የማስተማር መብት አለው የሚለው ነገር በዚያ ውሳኔ ጸና።

አባትየው ሲጨርስ፣ ቅዳሜ ልጆቹን ይዞ ሲሄድ የዚያ መምህር ባለዕዳ እንደሆነ እንደሚሰማው ጻፈ። እኔም ይሰማኛል። ልጄ ሀሁ የቆጠረችው እዚሁ ነብራስካ ውስጥ ነው።

ምላሽ 14፣ 15፣ 16

አሥራ አራተኛዋ ሁላችንንም ወቀሰች። ሜዳው ባዶ እንደነበረ አድርጋችሁ ታወራላችሁ አለች። በቢያትሪስ አካባቢ የኦቶ-ሚዙሪያ ሕዝብ ይኖር ነበር። በ1854 ውል መሬታቸውን ለቀቁ። በትንሽ ክልል ተወሰኑ። በ1881 ደግሞ ወደ ኦክላሆማ ተነቀሉ። ፍሪማን ትምህርት ቤት በተከፈተ በዘጠኝ ዓመቱ ማለት ነው። እዚያው ነብራስካ፣ ጄኖዋ ውስጥ፣ ከ1884 እስከ 1934 ሌላ ዓይነት ትምህርት ቤት ነበር። የነባር ሕዝቦች ልጆች ከእናት አባታቸው ተነጥለው የሚወሰዱበት። ቋንቋቸውን እንዳይናገሩ የሚከለከሉበት።

አሥራ አምስተኛው ከርዕሱ ወጣሽ አላት። አሥራ ስድስተኛው አልወጣችም፣ የገባችው አሁን ነው ብሎ መለሰ። እኔ ከአሥራ ስድስተኛው ጋር ነኝ። ለትምህርት ቤት ተከለለ ያልነው መሬት ከማን ተወስዶ ነው የተከለለው? በመክፈቻ ጽሑፌ ያቀናው የሚለውን ቃል ስጽፍ ይህን አላሰብኩም ነበር። ማሰብ ነበረብኝ።

ምላሽ 17 እና 18

ኦክላሆማ የሚለው ቃል አንድ አባትን ወደ ሌላ ትዝታ ወሰዳቸው። የዓለማያ እርሻ ኮሌጅ ምሩቅ ናቸው። በ1950ዎቹ ኮሌጁን ያቋቋመውና መምህራን የላከው የዛሬው ኦክላሆማ ስቴት ዩኒቨርሲቲ እንደሆነ አስታወሱን። ያ ዩኒቨርሲቲ ደግሞ በ1862 የወጣው ሌላ ሕግ ልጅ ነው፤ ለኮሌጅ የሚሆን መሬት የሰጠው። ከመምህሮቻቸው አንዱ በልጅነቱ በፈረስ ወደ አንድ ክፍል ትምህርት ቤት ይሄድ እንደነበር ያጫውታቸው ነበር። አሥራ ስምንተኛው ምላሽ ሰጪም ዓለማያ የነበሩ ናቸው፤ ሁለቱ በየትኛው ዓመት እንደተመረቁ ሲጠያየቁ ቆዩ። አልከለከልኳቸውም።

ምላሽ 19 እና 20

አሥራ ዘጠነኛው እንዴት እንደተዘጉ ጻፈ። በ1919 አሜሪካ ውስጥ 190,000 ያህል ባለአንድ ክፍል ትምህርት ቤቶች ነበሩ። መንገድ ተሠራ፣ አውቶቡስ መጣ፣ ገበሬው እየቀነሰ ሄደ፣ ትንንሾቹ ወደ ትልቁ ተጠቃለሉ። ነብራስካ ከብዙዎቹ በላይ ቆየች። በ2005 የወጣ ሕግ የቀሩትን ትንንሽ የገጠር የትምህርት ወረዳዎች አፈረሰ። በኅዳር 2006 ሕዝቡ ሕጉን በድምፁ ሻረው። ግን ወረዳዎቹ በሰኔ ፈርሰው ነበር።

ሃያኛው ጎራዴ መዘዘ። ትዝታ አታሳምሩ አለን። ብዙዎቹ አስተማሪዎች ራሳቸው ስምንተኛ ክፍል ጨርሰው፣ የካውንቲውን ፈተና አልፈው የገቡ ነበሩ። ከወንዶቹ ያነሰ ይከፈላቸው ነበር። ካገቡ በአብዛኛው ይወጣሉ። ብዙዎቹ ከአንድ ዓመት በላይ አይቆዩም። ስለዚህ ስማቸው አለመታወሱ አይገርምም አለ። ያለው ሁሉ እውነት ነው። መደምደሚያው ላይ ግን አልስማማም። አንድ ዓመት ብቻ ቆይታ አርባ ልጅ ማንበብ ያስተማረች ሰው አንድ ዓመቷ ትንሽ አይደለም።

ምላሽ 21

እህታችን የምትሠራው አረጋውያን መንከባከቢያ ውስጥ ነው። የት እንደሆነ አልጻፈችም፤ ባትጽፍም ይሻላል። ከምትንከባከባቸው እናቶች አንዷ ዘጠና ዓመት አልፏቸዋል። በአሥራ ዘጠኝ ዓመታቸው ሜዳ መሃል አንድ ክፍል ውስጥ አስተምረዋል። ትናንት የበሉትን አያስታውሱም። ምድጃውን ግን ያስታውሳሉ።

ጨለማው ሳይገፍ ይደርሳሉ። አመዱን ይጠርጋሉ። በበቆሎ ቆረቆንዳ እሳት ያያይዛሉ፤ ከዚያ ከሰል። ልጆቹ ሲገቡ ቀለሙ ቀልጦ መቆየት አለበት፤ ሌሊት ይረጋል። ምሳ ብዙዎቹ ከቤት ድንች ያመጣሉ። እያንዳንዱ ልጅ ልጣጩ ላይ የራሱን ምልክት በቢላ ይጭራል። ድንቹ ምድጃው ሥር ይደረደራል። ቀትር ላይ ክፍሉ በሙሉ ድንች ድንች ይሸታል።

አንድ ልጅ ነበር። በየቀኑ የምሳ ባልዲውን ይዞ ይመጣል፤ ክዳኑን ግን በሰው ፊት አይከፍትም። አንድ ቀን ባልዲውን ከመንገድ ሲያነሱለት ቀለላቸው። ባዶ ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ መምህርቷ የሱን ምልክት ጭረው አንድ ድንች ይጨምሩ ነበር። እሱም ከሌሎቹ ጋር ተሰልፎ ምልክቱን ፈልጎ ያነሳል። አንድም ቃል አልተነጋገሩም።

እህታችን ይህን የሰማችው ጠዋት ሹራብ ስታለብሳቸው ነው። እጃቸው እጅጌው ውስጥ እያለ ቆም ብለው በጣታቸው ምልክቱን አየር ላይ ሣሉላት። መስቀለኛ ነው፤ ከላዩ አንድ አጭር መስመር።

ምላሽ 22

ይህ የኔ ነው። አንድ ነገር ብቻ ጠየቅኩ፤ ልጁ ድንቹ ከማን እንደሚመጣ አውቆ እንደነበር እንድትጠይቅልኝ።

ምላሽ 23

ትናንት ማታ መጣ። ጠይቃቸዋለች። ወዲያው አልመለሱም። ፀጉራቸውን አበጥራ ከጨረሰች በኋላ ተናገሩ። ከገና በኋላ ጠዋት ጠዋት ሲደርሱ፣ ቆረቆንዳው ደረቅ ደረቁ ተመርጦ በሩ ላይ ተከምሮ ያገኙት ነበር። በረዶው ላይ የትንሽ ልጅ ጫማ ዱካ አለ። ዓመቱ እስኪያልቅ እንዲያ ነበር። እሳቸውም ማን እንደሆነ አልጠየቁም።

እህታችን የሚቀጥለው ፈረቃዋ ሐሙስ ነው። የትምህርት ቤቱን ስም ትጠይቅልናለች። ሌላ ጥያቄ ያላችሁ ከሥር ጻፉ፤ አጠር አድርጉት፣ ቶሎ ይደክማቸዋል።